ወደ ዶንግዪን የተላከው ውሸት

ኢንፍሉዌንዛው ላው ቤተሰብ ቤት የገባው የፐርሲመን ለቀማው በተጀመረ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የዩንላንን ወንድም ጣለው፤ ቀጥሎ ሚስቱን ጂንሜይን፣ ከዚያ እናቲቱን፣ በመጨረሻ ዩንላንን። ሁሉም ሦስት አራት ቀን ተኝተው፣ ዝንጅብል በቡናማ ስኳር እየጠጡ፣ ላብ በላብ ሆነው ተነሡ። ሥራው ፋታ አይሰጥም። የመንደራቸው የሲንፑ ነፋስ የሚነፍሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ብቻ ነው። በነዚያ ወራት ተልጦ፣ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ተደርድሮ፣ ፀሐይና ነፋስ ያልተፈራረቀበት ፍሬ ለሰው አይቀርብም።

ዩንላን ከሕመሟ በተነሣች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ሙሉ ሰፌድ አቅፋ ወደ ግቢው ስትወጣ እግሯ የሰው እግር ሆነባት።

"ጂንሜይ፣ መሬቱ ምን ሆኗል?" አለች።

"መሬት ደግሞ ምን ይሆናል? ይልቅ ቶሎ በይ፣ ፀሐይ አታስቀድሚብን።"

ሰፌዱ ከእጇ አመለጠ። ቲማቲም የሚያካክለው ብርቱካንማ ፍሬ በግቢው ላይ ተንከባለለ። ልትለቅም ጎንበስ ስትል እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሁለት ሆኖ ታያት፤ የትኛውን እንደምትይዝ ግራ ገባት። ያን ቀን ራሷን እንደ መጅ ሲከብዳት ዋለ። በማግሥቱ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ ሽንቷ እምቢ አለ። ወንድሟ በጭነት መኪናው ጭኖ ታይፔ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ሲያደርሳት፣ የእናቷን ስም ቢጠይቋት "ማንኪያ" ብላ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ቀናት ዩንላን አታውቃቸውም። ከሕይወቷ ተቀድደው የወጡ ገጾች ናቸው።

ስትነቃ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ ነበር። አንዲት ጠጉራቸው የሸበተ አጭር ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተር ዌን ይባላሉ። የሚናገሩት ለልጅቷ ቢሆንም፣ መስኮቱ ሥር የቆሙት እናቷ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል።

"ሰውነትሽ ከኢንፍሉዌንዛው ጋር ተዋግቶ አሸንፏል" አሉ። "ችግሩ ካሸነፈ በኋላ ሰይፉን ወደ አፎቱ አልመለሰም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው አይደል? የአንጎል ነርቭም እንደዚያው አለው። ሰውነትሽ ያንን ልባስ ጠላት መስሎት መታው። አንጎልሽና የጀርባ አጥንትሽ ውስጥ ያለው ነርቭ ብዙ ቦታ ላይ ቆስሏል። አሁን የምንሰጥሽ ስቴሮይድ ውጊያውን አቁም የሚል ትእዛዝ ነው።"

"ጎረቤት ሁሉ ክትባት ነው ይላል" አሉ እናቷ። "ክትባት የተከተበች እንደሆን እንዲህ ትሆናለች አሉኝ።"

"ከክትባት በኋላ የታየበት ጊዜ አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው። የርስዎ ልጅ ግን ዘንድሮ የተከተበችው ነገር የለም። የሷ ከኢንፍሉዌንዛው ነው። አይተላለፍም፤ እብደትም አይደለም። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ በወራት። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ደግሞ ቃል አልገባም።"

ከዚያ ዶክተሯ ማንኪያ አንሥተው "ይሄ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ዝናብ" አለች ዩንላን። ስሕተት መሆኑን አፏ ላይ ሲደርስ ዐወቀችው። እንባዋ መጣ።

"አይዞሽ። ቁጥርስ ታስታውሻለሽ? የቤታችሁ ስልክ ስንት ነው?"

ጨለማ።

"እሺ፣ ማንኛውንም ቁጥር። ደስ ያለሽን።"

ያኔ ዩንላን ሳትንተባተብ፣ ውሃ እንደሚፈስስ፣ "ሰባት ሦስት ስምንት አንድ፣ ሣጥን አራት፣ ዶንግዪን" አለች።

"ይህ የምንድን ነው?" አሉ ዶክተሯ ፊታቸው በርቶ።

ዩንላን ከንፈሯን ነከሰች። መስኮቱ ሥር ያሉት እናቷ ብዙ ዝም አሉ። "የሰራዊት ፖስታ ሣጥን ነው" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው የተቆረጠ ክር ይመስላል።

ዩንላን ዐይኗን ጨፈነች። ዓመት ሙሉ በጂንሜይ ስም እያስላከች የደበቀችውን ምስጢር የገዛ አንጎሏ አሳጣባት። ከበሽታው ይልቅ ያን ሰዓት ያስፈራት የእናቷ ዝምታ ነበር።

*

ሃዩንግ ተሙ ከጂያንሺ ተራራ የሚወርድ፣ የተራራው ነባር ነገድ የአታያል ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከአባቱ ከተሙ ጋር ለሰፌድ የሚሆን ቀርከሃ በመኪና ጭኖ ሲመጣ፣ የዩንላን እናት በጓሮው በር አስገቡት።

"የአያቴ ጭንቅላት ተቆርጦ እዚያ ተራራ ላይ ነው የቀረው" ይሉ ነበር እናቷ፤ የተራራ ሰው በተነሣ ቁጥር።

"እማዬ፣ ያ እኮ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።"

"ለሞተ ሰው መቶ ዓመት ምኑ ነው?"

ሃዩንግ ግን ቀርከሃውን አራግፎ በጨረሰ ቁጥር የተሰበረ ሰፌድ እየፈለገ ይጠግን ጀመር። የሚጠገን ሲያልቅ ጂንሜይ አንድ ሁለቱን እየረገጠች ትሰብርለት ነበር። ሁለቱ ልጆች በሰፌድ ላይ ተጎንብሰው የተያዩት መተያየት፣ የቀረውን ሠራው። ከዚያ የውትድርና ዕጣ ወጣበት፤ ዕጣውም መጥፎው ሆነ። ዶንግዪን ባሕር መሐል የተቀመጠ ዓለት ነው፤ መርከብ በዐሥር ቀን አንዴ ይመጣል፣ ማዕበል ካለ አይመጣም። ወታደሮቹ አንድ አባባል አላቸው፤ "ዕጣው ደሴት የላከው፣ ፍቅረኛውን ለሌላ አስረከበ።" ሃዩንግ ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤው ላይ ጽፎ "እስኪ እናያለን" ብሎ ነበር።

ዩንላን ኅዳር ላይ በከዘራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀኝ እግሯ ይጎተታል፤ ቀኝ እጇ ቾፕስቲክ አይዝም። በቀኝ ዐይኗ ስታይ ቀይና ብርቱካንማ ቀለም አመድ ነው፤ ግቢው ሙሉ የተሰጣው ፐርሲመን ጠጠር የተዘረገፈ ይመስላታል። መድኃኒቱ ፊቷን አሳብጦታል። መስታወት ውስጥ የምታየው ክብ ፊት የማታውቃት ሴት ነበረች።

ከሷ በፊት የደረሱ ሦስት ደብዳቤዎች ጂንሜይ ጋ ጠበቋት። ፖስታውን ከፈተች። መስመሮቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተተራመሱባት።

"አምጪ ላንብብልሽ" አለች ጂንሜይ።

"አይሆንም። በሱ... በሱ..." ቃሉ ጠፋት። "በሱ አፍ ነው የምፈልገው።"

ደብዳቤዎቹን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። ሦስት ቀን ካሰበች በኋላ በአራተኛው ጂንሜይን ወረቀትና ብዕር አስያዘቻት።

"ጻፊ። ሃዩንግ፣ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ቤተሰቤ የመረጠልኝን ሰው አግብቻለሁ። ጤናህን ጠብቅ።"

ጂንሜይ ብዕሩን አስቀመጠች። "እጄ ይቆረጥ እንጂ አልጽፍም። ማንን ነው ያገባሽው? አልጋውን ነው ወይስ ከዘራውን?"

"ጂንሜይ።"

"እውነቱን ንገሪው! ታምሜያለሁ በዪው!"

"እዚያ ዓለት ላይ ገና ዐሥራ አንድ ወር ይቀረዋል። ብነግረው ይቃጠላል፤ መምጣት አይችልም። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ምን ያገኛል?" ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ከጉድጓድ ውሃ እንደምትቀዳ እየጎተተች ነው የምታወጣው። "ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰው መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ። አይቶኝ ትቶኝ መሄድ ያቅተዋል። እኔ ደግሞ ያቃተው ሰው ሚስት መሆን አልፈልግም።"

ጂንሜይ እየተነፋረቀች ጻፈችው። ስሟን ግን ዩንላን ራሷ ልትፈርም ፈለገች። ቀኝ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ስሟ ሦስት መስመር ወጥቶ ወርዶ አለቀ። ወጥ ቤቱ በር ላይ የእናቷ ጥላ መቆሙን ያየች መሰላት፤ ቀና ስትል ማንም የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዶንግዪን አራተኛ ፖስታ መጣ። ሳትከፍተው ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረችው። ውስጡ ያለውን ስለምታውቅ ሳይሆን፣ ያላወቀችውን መሸከም ስለሚቀልላት ነበር።

*

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ የመጨረሻው ፍሬ በተሰጣበት ቀን፣ ዩንላን ግቢው ውስጥ ዝቅ ባለች ዱካ ተቀምጣ በግራ እጇ ፍሬ ታገላብጣለች። እንደ ሠራተኞቹ ሁሉ ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ በላዩ ላይ ጨርቅ ጠምጥማለች፤ ከዐይኗና ከጉንጯ በቀር የሚታይ ነገር የላትም። ሌሎቹ ለምሳ ገብተዋል።

የፊት ለፊቱ በር ሲንኳኳ ሰማች። ማንም የማያንኳኳው በር ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቀና አለች። አረንጓዴ ነገር ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ዛፍ ታያት። ቀኝ ዐይኗን ጨፈነች፤ በግራው አየችው።

ሃዩንግ ነው። የወታደር ልብሱ ሁለት ቀን መርከብ ላይ አድሮ የተጨማደደ፣ ፊቱ በባሕር ነፋስ የተላጠ፣ ሻንጣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ።

ቀርቦ ቆመ። አያት። ዐይኖቹ ፊቷ ላይ አረፉ፤ ምንም ሳይነካቸው አለፏት።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ በትሕትና። "ዩንላን አለች?"

ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው መጣ፤ ደግሞም ካሰበችው የባሰ ነበር። አላንቋሸሻትም፣ ፊቱን አላዞረባትም። አላወቃትም፤ በቃ።

"የለ...ችም" አለች።

"የት ሄደች?"

"አግብታ ሄደች።"

ሃዩንግ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ሊመለስ እንደሆነ ጠረጠረች፤ እንዲመለስም፣ እንዳይመለስም ጸለየች። እሱ ግን ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ቆቡን አወለቀ።

"ባሏ ምን ይሠራል?"

"መድኃኒት... መድኃኒት ቤት አለው።"

"ደግ ሰው ነው?"

"ደግ ነው።"

"ረጅም ነው አጭር?"

ይህን አላሰበችበትም ነበር። "አ...ጭር" አለች።

"እኔን ትታ አጭር ሰው አገባች?" አለ ሃዩንግ፤ ሊስቅ የጀመረው ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። "ዩንላን፣ ጆሮሽን ልቀቂው፤ ልትቆርጪው ነው።"

እጇን አየችው። ስትዋሽ ሁልጊዜ የምታደርገውን፣ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ለቀቀችው። ጨርቁን ከፊቷ ላይ ገፈፈችና እብጠቱን ሁሉ፣ ክብ ጉንጯን፣ የተጨናበሰውን ዐይኗን ፊት ለፊት ሰጠችው።

"እይ" አለች። "በደንብ እይ። እትዬ አልከኝ።"

"አልኩሽ።"

"አላወቅከኝም!"

"አላወቅኩሽም። ዐወቅኩሽ ብዬ አልዋሽም፤ በዚህ ቤት የሚዋሽ ሰው አንድ ይበቃል።" እንባው በተላጠው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። "ፊትሽን አላወቅኩትም። ውሸትሽን ስሰማ ግን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ፊትሽ ነገም ቢለወጥ ግድ የለም፤ እንደገና እተዋወቀዋለሁ። እኔ የፈራሁት ከናካቴው ሌላ ሰው ሆነሽ እንዳላገኝሽ ነበር። አልሆንሽም። ያው እልኸኛ ነሽ።"

"ጂንሜይ ናት የነገረችህ?"

"ጂንሜይማ ቃሏን ጠበቀች። በጣም ነው የተናደድኩባት።" ከደረት ኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ይህን ያነበብኩት አንቺ ጠልተሽኛል ብዬ እንቅልፍ ባጣሁ በዘጠነኛው ቀን ነው። ጓደኞቼ ራሴን እንዳልገድል ጠባቂ መድበውብኝ ሽንት ቤት ሳይቀር ይከተለኝ ነበር። ላንብብልሽ?"

ራሷን ነቀነቀች። ሃዩንግ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦

"ለሃዩንግ። ልጄ አላገባችም። ታማለች። ሕመሙ የአንጎል ነው፤ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ የመጣ ነው፤ አይተላለፍም። ሐኪሟ ትድናለች ትላለች። ሙሉ በሙሉ ይሁን በከፊል አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። የእናቷ ስም ሲጠፋት ያንተ አድራሻ አልጠፋትም። እኔ አንተን አልወድህም ነበር። አሁንም ገና አላወቅኩህም። የምትሸሽ ከሆነ እዚያው ቅር፤ ማንም አይወቅስህም። የምትመጣ ከሆነ ግን በፊት ለፊቱ በር ግባ።"

ዩንላን ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች። ማንበብ ባትችልም ጽሕፈቱን ዐወቀችው፦ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት፣ የረሳቻቸውን ፊደላት ከቀን መቁጠሪያና ከአኩሪ አተር ማጣፈጫ ጠርሙስ ላይ እያየች የቀዳችው ጽሕፈት። አንዲቷን ገጽ ለመጻፍ ስንት ምሽት ፈጅቶባት ይሆን? ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከታመመች ጀምሮ ስላለቀሰችው ለቅሶ ሁሉ ያፈረችው ያን ጊዜ ነው፤ አንዱንም ለእናቷ አላለቀሰችም ነበር።

*

ከምሳ በኋላ ጂንሜይ የብስኩቱን ቆርቆሮ አምጥታ መሐላቸው አስቀመጠችና "እኔ ሰፌድ ልሰብር" ብላ ወጣች።

ሃዩንግ ሦስቱን ደብዳቤዎች በተራ አነበበላት። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ወፎቹ፣ ስሙን በሰራዊቱ መዝገብ እንደተጻፈው ብቻ ስለሚጠራው ሻምበል። አራተኛውን ፖስታ ሲያይ ግን ጆሮው ቀላ፤ በግራ ዐይኗ በደንብ አየችው።

"ይሄ አያስፈልግም" አለ።

"አንብብ።"

"ዩንላን፣ ይሄ ደብዳቤ አይደለም። በሽታ ነው።"

"የበሽታ ነገር ለኔ ተወው። አንብብ።"

ምርጫ ስላጣ ጀመረ። "አንቺ ሴት። ነፋሱ የሚያደርቀው ፍሬ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልብም ያደርቃል... ልዝለለው?"

"አትዝለል።"

"ለዚያ ለባልሽ ዕድሜና ጤና አልመኝም። በየቀኑ ያልበሰለ ፐርሲመን ይብላና አፉ ይታሰር። ጥርሱ ይርገፍ። በሠርጉ ቀን የለበሰው ሱሪ ቂጡ ላይ ይቀደድ..."

ዩንላን ከታመመች ወዲህ ያልወጣ ድምፅ ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ። ሳቀች። ወንበሩን ይዛ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ምስኪን ባሌ!" አለች። "ምን አደረገህ? ምንም እኮ አላደረገም!"

"አጭር መሆኑን ባውቅ ይህን ያህል አልረግመውም ነበር" አለ ሃዩንግ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረችውን መስመር አነበበ። "ነፋሱ ሲበረታ ግን አንገትሽን ሸፍኚ፤ ቶሎ ነው ጉንፋን የሚይዝሽ።" ወረቀቱን አጠፈ። "ይህቺን ልሰርዛት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።"

ሳቁ ቀስ ብሎ ከዩንላን ፊት ወረደ።

"አሁን እኔ ልናገር፤ አታቋርጠኝ፤ ካቋረጥከኝ ቃሉ ይጠፋኛል" አለች። "ቀኝ ዐይኔ ላይመለስ ይችላል። እግሬም። በሽታው አንድ ጊዜ መጥቶ የማይመለስ ነው ይላሉ፤ አልፎ አልፎ ግን የሚመለስበት ሰው አለ። ማንኪያን ዝናብ ብያለሁ። ነገ አንተንም ሌላ ነገር ልልህ እችላለሁ።"

"ስንት ቃል ነው የጠፋብሽ?"

"የጠፋውን በምን ዐውቀዋለሁ?"

ሃዩንግ የደነዘዘውን ቀኝ እጇን አንሥቶ በሁለት መዳፎቹ መሐል አስገባው። ሙቀቱ አልተሰማትም፤ ክብደቱ ግን ተሰማት። "ሰራዊቱ በሌላ፣ በቻይንኛ ስም ነው የሚጠራኝ፤ ትምህርት ቤትም፣ መታወቂያዬም። ሃዩንግ የሚለኝ ከአገሬ ሰው በቀር አንቺ ብቻ ነሽ። እንኳን ማንኪያን፣ ዓለሙን ሁሉ ዝናብ በዪው። እኔ እየጠየቅኩ እለምደዋለሁ። ዛሬ ምሳ በዝናብ በላን እላለሁ፤ ምን አለበት?"

"አትማልልኝ" አለች፤ እጇን ግን አልነጠቀችውም። "አዝነህ የምትምለውን አልፈልግም። ነገ ትሄዳለህ። ዐሥር ወር ዓለት ላይ ተቀምጠህ አስብ፤ እኔም አስባለሁ። እውነቱን ብቻ እንጻጻፍ፤ ከፋኝም፣ ተሻለኝም፣ ሰለቸኝም እንበል። ስትመለስ እንደ አዲስ ጠይቀኝ።"

"እምቢ ብትይኝስ?"

"እውነቱን ነው የምነግርህ። ጆሮዬን ሳልይዝ።"

ሃዩንግ ብዙ አያት። ቅድም ግቢው ውስጥ ያለፏት ዐይኖች አሁን ያበጠ ፊቷ ላይ ዳር እስከ ዳር፣ እንደ አዲስ አገር ተዘዋወሩበት። ዩንላን ፊቷን አልሸፈነችም፤ ሳይቸኩል እንዲያየው ተወችው።

*

እራት ላይ እናቷ ሃዩንግን ወንድሟ አጠገብ አስቀመጡት። የአሳማ ሥጋ በጨው ከተያዘ ጎመን ጋር ተሠርቷል፤ ሳህኑ ባዶ በሆነ ቁጥር ይሞሉበታል።

"ብላ። ደሴቱ ላይ የሚያበሏችሁ ድንጋይ ነው እንዴ?"

"የታሸገ ዓሣ ነው፣ እማማ።"

"ባሕር መሐል ተቀምጣችሁ የታሸገ ዓሣ? መንግሥት አብዷል።" ከዚያ ሳያዩት "አባትህ ደኅና ናቸው?" አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ተሙ ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሃዩንግ ጎርሶ ስለነበር አንገቱን ብቻ ነቀነቀ፤ ሊያንቀው ምንም አልቀረውም።

ሰሐን ሲታጠብ ዩንላን ከዘራዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እናቷ ጎን ቆመች።

"ለምን ጻፍሽለት፣ እማዬ?"

እናቷ ሰሐኑን ማሸት አላቆሙም። "ስሜን ስትረሺ ተናደድኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ ማንኪያ አለችኝ፣ የሱን ሣጥን ቁጥር ግን እንደ ጸሎት ደገመችው። ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሰደብኩሽ።"

"እማዬ..."

"ቆዪ። ከዚያ ቀስ ብዬ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ስትዋኚ የያዝሽው አንድ እንጨት ነበር። እንጨቱን አልወደውም፤ የማን ዛፍ እንደሆነም ዐውቃለሁ። ግን ልጄ ይዛው ወጥታለች። ታዲያ ምን ልሁን? ከእጅሽ ልንጠቀው?" ሰሐኑን አቀበሏት። "ያዢ። በቀኙ ያዢ እንጂ፤ ሐኪሟ አሠሪው ብላለች።"

ዩንላን በቀኝ እጇ ያዘችው። ተንቀጠቀጠባት። እናቷ ከሥር መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሳይነኩት፣ ቢወድቅ ሊቀልቡ ጠበቁ። ሰሐኑ ቦታው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም አልተነፈሱም። ዩንላን ግን ያን ሌሊት ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባንን ተኛች።

*

የካቲት ላይ ዶክተር ዌን አዲሱን የአንጎል ምስል ከአሮጌው ጎን ሰቅለው ብዙ ቆዩበት።

"እዩት" አሉ። "በጥቅምት ይህ ሁሉ ነጭ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ጠፍቷል። አዲስ ቁስል የለም። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ አቁመናል፤ ፊትሽም ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ዐይኑስ?"

"ቀዩ ትንሽ ትንሽ ይታየኛል" አለች ዩንላን። "ያረጀ ቀይ ይመስላል።"

"ከዚያ በላይ ላይመጣ ይችላል። እግርሽ ብዙ ስትሄጂ ይደክም ይሆናል። መጻፉስ?"

"በሳምንት አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ሰውየው ግን ማንበብ ይቸግረኛል ይላል፤ የሰከረ ሸርጣን የተራመደበት ወረቀት ነው አለኝ።"

ዶክተሯ ሳቁ። ምስሎቹን እያወረዱ ሳለ፣ እስከ አሁን ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው የተቀመጡት እናቷ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይቺ ልጅ በመኪና ተራራ መውጣት ትችላለች?"

"ለምን አትችልም? ምን ያህል ከፍታ ነው?"

"ጂያንሺ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ቀርከሃው ጫካ ድረስ። መንገዱ ይጠማዘዛል አሉ።" ዩንላን ዞር ብላ ብታያቸው፣ እናቷ ግድግዳውን እያዩ ነው። "የልጁ አባት ለፀደይ ኑ ብለው ልከውብናል። አሳማ ሊያርዱ ነው። ሰው አክብሮ ሲጠራ፣ መልስ ይፈልጋል።"

"ማን ማን ነው የምትወጡት?"

"ሁላችንም" አሉ እናቷ። "እኔ ግን መኪና ያስታውከኛል። ለዚህስ የሚሆን መድኃኒት አለዎት?"

ዶክተር ዌን ማዘዣቸውን እየሳቡ ጎንበስ አሉ። ዩንላን የምትለው ነገር ነበራት፤ ቃሉ ግን ጠፋት። ይህኛው በበሽታው የጠፋ አልነበረም። ቀኝ እጇን ዘርግታ የእናቷን እጅ ያዘች።